ገመና የሚጠበቅበት ክፍል

(በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ለተሰበሰቡ ኢትዮጵያውያን የተደረገ ንግግር። ለንባብ እንዲመች ጥቂት ታርሟል።)

እንደምን አመሻችሁ። አባቶች፣ እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ከሥራ በቀጥታ የመጣችሁ አላችሁ። ከዚህ ወጥታችሁ ለሌሊት ሥራ የምትሄዱም አላችሁ። ስለዚህ ቶሎ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

መጠጥ ጎጂ ነው የሚል ትምህርት ዛሬ አልሰጥም። ያንን የሚጠጣው ሰው ከሁላችንም በላይ ያውቀዋል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ በላብ ተጠምቆ የሚነቃው እሱ ነው። ዳግመኛ አልቀምስም ብሎ የሚምለው እሱ ነው። ማታ መሐላው ሲፈርስም ከማንም በላይ የሚያዝነው እሱ ነው። እኔ የምናገረው ከዚያ ስለሚቀጥለው ነገር ነው። ማቆም የሚፈልግ ሰው ነገ ተነሥቶ የት ይሂድ? በሩን ሲከፍት ማን ይቀበለዋል? ምን ይጠየቃል?

በዚህ አካባቢ በሱስ ሕክምና ውስጥ የምሠራ ሶሻል ወርከር ነኝ። ወገኖቻችን ወደ እኛ የሚመጡት ብዙውን ጊዜ ዘግይተው ነው። ጉበት ከተጎዳ በኋላ፣ መንጃ ፈቃድ ከተነጠቀ በኋላ፣ ልጆች የአባታቸውን ኮቴ መፍራት ከጀመሩ በኋላ። እስካሁን ለምን ቆያችሁ ስል የማገኘው መልስ ይመሳሰላል። "ገመናዬን ሰው ፊት ላውጣ?" ይሉኛል።

ይህን ፍርሃት አልንቀውም። እኛ ጓዳችንን ሸፍነን ያደግን ሰዎች ነን። በዚህም የቆመ ብዙ ቤት አለ። የመጠጥ ሱስ ግን ተሸፍኖ አይድንም። በተሸፈነ ቁጥር ይብሳል። ስለዚህ ዛሬ አንድ ነገር ላሳምናችሁ እሞክራለሁ። ገመና ተነግሮ የማይባክንበት ክፍል አለ። መጠጥ ማቆም የሚፈልጉ ሰዎች የሚገናኙበት፣ አልኮሆሊክስ አኖኒመስ የሚባለው ማኅበር ስብሰባ ነው። ከዘመድ ቤት፣ ከሠርግ አዳራሽ፣ ከምንሰበሰብበት ካፌ ይልቅ ምስጢር የሚጠበቅበት ነው። በዚህ ከተማና በዙሪያው በየቀኑ ይከፈታል።

ወደዚያ ከመሄዴ በፊት ግን አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። ለረጅም ጊዜ በየቀኑ ብዙ ሲጠጣ የኖረ ሰው በአንድ ጀንበር ቁርጥ አድርጎ ቢያቆም ሕይወቱ አደጋ ላይ ሊወድቅ ይችላል። የእጅ መንቀጥቀጥ፣ ላብና ማቅለሽለሽ በሰዓታት ውስጥ ይጀምራሉ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት እንደሚጥል በሽታ ያለ መንፈራገጥ ሊመጣ ይችላል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን አካባቢ ደግሞ አንዳንዱ የሌለ ነገር ያያል። ይቃዣል። የት እንዳለ ይጠፋዋል። ሐኪሞች ዴሊሪየም ትሬመንስ ይሉታል። ሕክምና ካላገኘ ይገድላል። በእኛ ዘንድ ይህን ያየ ቤተሰብ "መንፈስ ይዞት ነው" ብሎ ሰውየውን ቤት ውስጥ ሊያቆየው ይችላል። እባካችሁ እንዲህ አታድርጉ። 911 ደውሉ። ጸሎቱን መንገድ ላይም ማድረስ ይቻላል።

በየቀኑ የሚጠጣ ሰው ከማቆሙ በፊት ሐኪም ያማክር። ለጥቂት ቀናት ክትትል ያስፈልገው እንደሆነ ሐኪሙ ይወስናል። የመጠጥ አምሮትን የሚቀንሱ መድኃኒቶችም አሉ። ናልትሬክሶን አንዱ ነው፣ አካምፕሮሴት ሌላው ነው። ብዙ ሐበሻ ስለነዚህ መድኃኒቶች ሰምቶ እንኳ አያውቅም። መድኃኒት እየወሰዱ ስብሰባ መሄድ ይቻላል። አንዱ የሌላው ተቃራኒ አይደለም።

አሁን ስለ ስብሰባው። አነሳሱን ልንገራችሁ፤ አሠራሩ ሁሉ ከዚያ የመጣ ነውና።

ጊዜው እ.ኤ.አ. ሜይ 1935 ነው። ቢል ዊልሰን የሚባል የኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ ሰው ለሥራ ጉዳይ ወደ ኦሃዮ፣ አክረን ከተማ ሄደ። ከባድ ጠጪ ነበር። ካቆመ ጥቂት ወራት ብቻ ሆኖታል። የሄደበት ጉዳይ ከሸፈ። ሜይፍላወር በሚባለው ሆቴል ሎቢ ውስጥ ብቻውን ቆሞ ቀረ። በአንድ በኩል ከባሩ የሰው ሳቅና ጫጫታ ይሰማዋል። በሌላ በኩል ስልክና የከተማው አብያተ ክርስቲያናት ዝርዝር አለ። ወደ ስልኩ ሄደ። ደውሎ የጠየቀው ምክር ወይም ገንዘብ አልነበረም። አንድ ሌላ ጠጪ እንዲያገናኙት ነው። ከዚያ ሰው ጋር ካላወራ ራሱ ሊጠጣ እንደሆነ ገብቶታል።

በማግስቱ፣ በእናቶች ቀን፣ ዶክተር ቦብ ስሚዝ ከሚባል ቀዶ ሐኪም ጋር ተገናኙ። ቦብ የመጣው 15 ደቂቃ ብቻ ሊቀመጥ ነበር። ከስድስት ሰዓት በላይ ተቀመጡ። ልብ በሉ፣ ቦብ ሐኪም ነው። አልኮል አካልን ምን እንደሚያደርግ ከቢል የበለጠ ያውቃል። ዕውቀት አልጎደለውም። የጎደለው እንደ እሱ ሆኖ ያየ ሰው ነበር። ከዚያም በኋላ ቦብ አንድ ጊዜ አገረሸበት። ለመጨረሻ ጊዜ የጠጣው ጁን 10 ቀን 1935 ነው። አልኮሆሊክስ አኖኒመስ፣ በአጭሩ ኤ.ኤ. የምንለው ማኅበር የተመሠረተበት ቀን ሆኖ የሚቆጠረውም ይኸው ቀን ነው። ዛሬ ማኅበሩ ወደ 180 በሚጠጉ አገሮች ውስጥ ይገኛል።

ይህን የምነግራችሁ ለታሪክ ብዬ አይደለም። ብዙ ሰው ኤ.ኤ. ሲባል ፊት ለፊት የሚፈርድ ባለሙያ ወይም ሰባኪ የተቀመጠበት ቦታ ይመስለዋል። ባለሙያ የለም። እዚያ ያለው ሁሉ ጠጪ የነበረ ወይም ማቆም የሚፈልግ ሰው ነው። የሚሰማችሁ ሰው በመስማቱ ራሱንም ያድናል። ስለዚህ ማንም ላይ ሸክም አትሆኑም። "ሰው ላስቸግር?" የሚለው ይሉኝታችን እዚህ ቦታ የለውም።

ይሠራል ወይ? ለሚል ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ኮክሬን የሚባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግም ተቋም 27 ጥናቶችን አንድ ላይ መርምሮ ነበር። 10,565 ሰዎች የተሳተፉባቸው ናቸው። ሰዎችን በተደራጀ መንገድ ወደ ኤ.ኤ. የሚያስገባው ሕክምና፣ ከመጠጥ ሙሉ በሙሉ ርቆ በመቆየት በኩል፣ እንደ ንግግር ሕክምና ካሉ የታወቁ ዘዴዎች የተሻለ ውጤት አሳይቷል። ለሁሉም ሰው ይሠራል ማለት አይደለም። ነጻ ነው፣ በየሰፈሩ አለ፣ ለዓመታትም መሄድ ይቻላል። ኢንሹራንስ ለሌለው ወገን ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ማግኘቱ ቀላል ነው። ስልካችሁ ላይ "ሚቲንግ ጋይድ" የሚባል ነጻ አፕ አለ፣ የኤ.ኤ. ነው። ያላችሁበትን ቦታ ይዞ በአቅራቢያችሁ ዛሬ በስንት ሰዓት ምን ስብሰባ እንዳለ ያሳያል። አፕ የማትወዱ ደግሞ ለዋሽንግተንና ለዙሪያዋ ሜሪላንድ ወደሚያገለግለው የኤ.ኤ. ቢሮ መደወል ትችላላችሁ፣ ስሙ ዋሽንግተን ኤሪያ ኢንተርግሩፕ ነው። ሰሜን ቨርጂኒያ የራሱ አለው። ስልኩን የሚያነሡት ራሳቸው ያቆሙ ሰዎች ናቸው። ከኤ.ኤ. ውጭ ደግሞ የፌዴራል መንግሥቱ የሱስ መረጃ መስመር አለ። 1-800-662-4357 ነው፣ ነጻ ነው፣ ቀንም ሌሊትም ይሠራል፣ ስማችሁን አይጠይቅም። ጭንቅ ውስጥ ላለ ሰው፣ ራሱን ለመጉዳት ላሰበም ሰው፣ 988 አለ።

ዝርዝሩን ስታዩ "ኦፕን" እና "ክሎዝድ" የሚል ታገኛላችሁ። ክፍት የሆነው ላይ ማንም መግባት ይችላል፣ ሚስትም፣ ወንድምም፣ እንደኔ ያለ ሠራተኛም። ዝጉ መጠጥ ማቆም ለሚፈልጉ ብቻ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሄዱ ከሆነ "ቢጊነርስ" የሚል ፈልጉ፣ ለአዲስ ሰው የተዘጋጀ ነው። ለሴቶች ብቻ የሆኑም አሉ። ይህን ጮክ ብዬ የምናገረው በምክንያት ነው። በእኛ ዘንድ የምትጠጣ ሴት ከወንዱ እጥፍ ትወቀሳለች። ስለዚህ ልጆች ከተኙ በኋላ፣ ኩሽና ውስጥ፣ በቡና ስኒ ወይን የምትጠጣ እህት አለች። ማንም አያውቅም። ሴቶች ብቻ ያሉበት ክፍል ለእሷ ብዙ ነገር ያቀልላታል።

ሰዓቱም ከእኛ ሥራ ጋር ይሄዳል። ጎህ ሳይቀድ የሚጀምር አለ፣ በምሳ ሰዓት አለ፣ እኩለ ሌሊት ላይም አለ። ታክሲና ኡበር የምትነዱ የእኩለ ቀኑን ሞክሩ። መኪና አቁሞ አንድ ሰዓት ገብቶ መውጣት ነው። ከኮቪድ ወዲህ ደግሞ በዙም የሚደረገው በዝቷል። ካሜራ አጥፍቶ መስማት ይቻላል። የሚያፍር ሰው በዚህ ቢጀምር ጥሩ ነው። እዚያው ባይቀር ግን እመርጣለሁ። ሱስ ሰውን ብቸኛ ያደርጋል፤ ሰው አጠገብ መቀመጥ ራሱ የመዳኑ አካል ነው።

አሁን ወደ ክፍሉ እንግባ። ብዙ ጊዜ የቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ነው። ይህ ማለት ቤተ ክርስቲያኑ ያዘጋጀው ነው ማለት አይደለም። ቡድኑ ኪራይ ከፍሎ ነው የሚጠቀመው። የሚታጠፉ ወንበሮች አሉ፣ ቡና አለ። በር ላይ አንድ ሰው እጁን ይዘረጋላችኋል። መታወቂያ አይጠይቅም። ፎርም የለም። የኢሚግሬሽን ጥያቄ የለም። ለመግባት የሚጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ መጠጥ ለማቆም መፈለግ። ያቆመ ሰው ብቻ ይግባ አይሉም። ከጠጣችሁበት ቀን ማግስትም መሄድ ይቻላል። ዛሬ ጠጥቻለሁና አልችልም አትበሉ። የጠጣችሁ ቀን ገብታችሁ ዝም ብላችሁ ብትሰሙ ማንም አያስወጣችሁም።

ስብሰባው አንድ ሰዓት ያህል ነው። አንዱ ይመራል፣ እሱም ተራ ሲደርሰው ነው እንጂ አለቃ አይደለም። አጭር ጽሑፍ ይነበባል። "አዲስ ሰው አለ?" ተብሎ ይጠየቃል። ፈቃዳችሁ ከሆነ ስም ትናገራላችሁ። ካልሆነ ዝም ማለት ይቻላል። ከዚያ አንድ ሰው ታሪኩን ይናገራል፦ እንዴት ይጠጣ እንደነበረ፣ ምን እንደደረሰበት፣ ዛሬ እንዴት እንዳለ። ቀጥሎ ሌሎች ተራ በተራ ለጥቂት ደቂቃ ይናገራሉ። ተራችሁ ሲደርስ "ዛሬ መስማት ብቻ ነው የምፈልገው" ብላችሁ ማለፍ ትችላላችሁ።

አንድ ሕግ አለ፣ እኔ በጣም የምወደው። ሰው ሲናገር ማንም አያቋርጥም፣ ሲጨርስም ማንም አይመክርም። እንዲህ አድርግ፣ እንዲያ አታድርግ የለም። እኛ ለምክር የተፈጠርን ሰዎች ነን። አንድ ሰው ችግሩን ሳይጨርስ ሦስት ሽማግሌ ይነሣበታል። አንድ ጠጪ ግን ዕድሜውን ሙሉ ተመክሯል። ሳይቋረጥ ተሰምቶ ግን አያውቅም።

መሐል ላይ ትንሽ ቅርጫት ይዞራል። ያለው አንድ ሁለት ዶላር ይጥላል፣ ለኪራይና ለቡና ነው። አዲስ ሰው አይጠበቅበትም። መጨረሻ ላይ ደግሞ "ቺፕ" የሚሉት ትንሽ ሳንቲም መሳይ ነገር ይሰጣል። ለአንድ ቀን፣ ለአንድ ወር፣ ለሦስት ወር፣ ለዓመት። የዓመት ባለቤት ሲነሣ ሁሉም ያጨበጭባል። የአንድ ቀን ባለቤት ሲነሣ ጭብጨባው ከሁሉም ይበልጣል። ይህን ሳይ እስከ ዛሬ ሆዴ ይባባል።

አሁን ወደ ፍርሃታችን ልመለስ። "ስሜን ስናገር ያውቁኛል።" አሜሪካዊው ጆን ነኝ ቢል ሚሊዮን ጆን አለ። የእኛ ስም ግን አንዴ ከተጠራ የማን ልጅ እንደሆንን እስከመገመት ይደረሳል። መፍትሔው ቀላል ነው። የፈለጋችሁትን ስም ተጠቀሙ። በክርስትና ስማቸው የሚጠሩ ሰዎች አውቃለሁ፤ ከንስሐ አባታቸው በቀር ማንም በዚያ ስም አያውቃቸውም።

"ሐበሻ ባገኝስ?" ይህ ደግሞ ትልቁ ነው። በዚህ አካባቢ ብዙ ነን፣ ልታገኙ ትችላላችሁ። እሱ እዚያ ምን እያደረገ እንደሆነ ግን አስቡ። የመጣው እናንተ በመጣችሁበት ጉዳይ ነው። እናንተን ካወራ ራሱን ያወራል። ደግሞ በዚያ ክፍል የሰማነውን ይዘን አንወጣም የሚለው ነገር ሁሉም እንዲያከብረው የሚጠበቅ ነው፤ ስሙ ራሱ ስም የለሽ ማኅበር የሆነው ለዚህ ነው። በሥራዬ ያገኘሁት አንድ አባት ይህን ፈርተው ለረጅም ጊዜ ቆይተው ነበር። ሲሄዱ የፈሩት ሆነ። የሰፈራቸው ልጅ ገባ። ልጁ ደንግጦ ሊመለስ ሲል አባት ተነሥተው "ና ልጄ፣ ተቀመጥ" አሉት። ዛሬ ልጁ በሳምንት ሁለት ቀን ከሥራ ሲወጣ መኪናውን ይዞ እየመጣ አባትን ይወስዳቸዋል። ይህን የምነግራችሁ ሁለቱም ፈቅደውልኝ ነው።

ወረቀትን የሚፈሩም አሉ። ዜግነት ልጠይቅ ነው፣ ስሜ ይመዘገባል ይላሉ። ኤ.ኤ. የአባላት መዝገብ የለውም። እውነት ነው፣ የዜግነት ሕጉ ልማደኛ ሰካራም የሆነን ሰው መልካም ጠባይ እንደሌለው ይቆጥራል። ነገር ግን ይህን ጉዳይ የሚያስነሣው ጠጥቶ መንዳትና የፖሊስ መዝገብ ነው። ምድር ቤት ውስጥ ቡና ይዞ መቀመጥ አይደለም። የተጀመረ ጉዳይ ያላችሁ ግን ጠበቃ አማክሩ።

ጠጥቶ በመንዳት ተይዞ ዳኛ ስብሰባ ሂድ ያለውም ሰው አለ። ወረቀት ይሰጠዋል፣ ከስብሰባው በኋላ አንድ ሰው ይፈርምለታል። ተገዶ የሄደ ሰው አይጠቀምም የሚባለውን አልቀበልም። ለፊርማ ሄዶ እዚያው የቀረ ብዙ ነው። ሃይማኖታዊ መልኩ ከህሊናው ጋር የሚጋጭበት ሰው ካለ ደግሞ ሌላ ዓይነት ቡድን እንዲፈቀድለት በጠበቃው በኩል መጠየቅ ይችላል። የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤቶች መንግሥት ማንንም ወደ ኤ.ኤ. ብቻ ማስገደድ እንደማይችል የወሰኑባቸው ጉዳዮች አሉ።

ስለ ሃይማኖት ካነሣሁ አይቀር። ኤ.ኤ. አሥራ ሁለት እርምጃዎች የሚላቸው አሉ፣ በነሱ ውስጥ ፈጣሪ ይጠቀሳል፣ "እኛ በተረዳነው መጠን" ከሚል ጋር። ብዙ ቡድን ሲዘጋ እጅ ለእጅ ተያይዞ አቡነ ዘበሰማያት የሚባለውን ጸሎት በእንግሊዝኛ ይላል። ሙስሊም ወንድምና እህት ዝም ብለው መቆም ይችላሉ። ወይም የማይጸልይ ቡድን መምረጥ ይችላሉ። ፕሮቴስታንት ለሆናችሁ፣ እ.ኤ.አ. በ1991 የተጀመረ ሴሌብሬት ሪከቨሪ የሚባል ክርስቲያናዊ ፕሮግራም በብዙ ቤተ ክርስቲያን አለ። ነገሩን ያለ ሃይማኖት ለሚፈልግ ደግሞ ስማርት ሪከቨሪ አለ፣ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ። እዚያ የሠለጠነ አስተባባሪ አለ፣ አምሮት ሲመጣ ምን እንደሚደረግ በተግባር ትለማመዳላችሁ፣ እርስ በርስም መነጋገር ይፈቀዳል። "ሱሰኛ ነኝ" ብሎ ማወጅም አይጠበቅም። ለሴቶች ብቻ የተቋቋመ ዊመን ፎር ሶብራይቲም አለ።

"ጠበልስ?" የሚለኝ ሰው አለ። ጠበል የገባ ሰው ስብሰባ አይሂድ የሚል ሕግ የትም የለም። ጠበል ሄዶ ሁለት ወር ንጹሕ ሆኖ የተመለሰ ሰው አውቃለሁ። ከዚያ ሰፈሩ ተመለሰ። ጓደኞቹ ያው ናቸው፣ ዓርብ ማታ ያው ነው። በጠበል ያገኘውን በሳምንቱ መሐል የሚጠብቅለት ሰው ያስፈልገዋል። የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ፤ ነገሩ የሚገባቸው ካህናት "ሂድ" ይላሉ።

አንድ ሌላ ነገር በጣም ያሳስበኛል። "እኔ ሱስ የለብኝም፣ ሁዳዴን ሙሉ አልጠጣም" የሚል ሰው። 55 ቀን ማቆም ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ያ ሰው የፋሲካን ሌሊት እንዴት እንደሚጠብቅ እዩ። ከሆሳዕና ጀምሮ ቢራው ፍሪጅ ገብቷል። ዶሮው ሳይቀርብ ጠርሙሱ ተከፍቷል። በሦስተኛው ቀን ሥራ ቀርቷል። ማቆም መቻል አንድ ነገር ነው፣ ከጀመሩ በኋላ መገታት ሌላ ነገር ነው። ሱስ ያለው ሁለተኛው ላይ ነው። ራሱን መፈተን የሚፈልግ ሰው በጾሙ አይፈተን። በፋሲካ ሳምንት ይፈተን።

የመጀመሪያው ስብሰባ ብዙ ጊዜ አይጥምም። እንግሊዝኛው ይፈጥናል፣ ሳቃቸው አይገባም፣ "እነዚህ ከእኔ ጋር ምን አገናኛቸው?" ያሰኛል። አንድ ቡድን አይታችሁ አትወስኑ። ቡድኖች በጣም ይለያያሉ። ቢያንስ አምስት ስድስት የተለያዩ ሞክሩ። የሚመቻችሁን ስታገኙ እዚያው ቡድን ላይ ተክላችሁ ቁሙ፣ "ሆም ግሩፕ" የሚሉት ይህን ነው። አንዳንዶች በ90 ቀን 90 ስብሰባ ይላሉ። ሦስት ሥራ ለሚሠራ ሰው ይህ ሊከብድ ይችላል። የቻላችሁትን ያህል ሂዱ፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት ግን አብዙት።

ሲያልቅ ደግሞ አትሩጡ። ዋናው ነገር ብዙ ጊዜ ከስብሰባው በኋላ ባለው ሩብ ሰዓት ነው የሚሆነው፣ ወንበር ሲታጠፍ። ስልክ ቁጥር ተቀበሉ፣ ወንድ ከወንድ፣ ሴት ከሴት። ወንበር ማጠፍ እርዱ፣ ቡና ማፍላት እርዱ። እኛ እንደ ዕድር አስቡት። ዕድርተኛ የሚያደርገን መዋጮው ብቻ አይደለም፤ ድንኳን ስንተክል ነው የምንዋሃደው። ቆይታችሁ ደግሞ "ስፖንሰር" የሚባል፣ ከእናንተ በፊት ያቆመ፣ ጭንቅ ሲመጣ የምትደውሉለት ሰው ትጠይቃላችሁ። ዓርብ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ እጃችሁ ቁልፍ ሲያነሣ የሚደወልለት ሰው ማለት ነው።

ቢያገረሽስ? ሊያገረሽ ይችላል። ዶክተር ቦብም አገርሽቶበታል። ሰው አገርሽቶበት ከሁሉ የሚፈራው ወደዚያ ክፍል መመለስን ነው፣ "ምን ይሉኛል" ብሎ። የሚሉት "እንኳን ተመለስክ" ነው። አይቻለሁ።

አማርኛ የሚያወሩበት ቡድን ስለመመሥረት ጥቂት ልበል። በእንግሊዝኛ ማልቀስ ይከብዳል። እናቱ ስትሞት ለቀብር ያልሄደበትን ምክንያት በእንግሊዝኛ የሚያወራ ሰው ግማሹን ይተወዋል። በኤ.ኤ. ልማድ ሁለት ሦስት ሰዎች ለማቆም ብለው ከተሰበሰቡ ቡድን ናቸው። ፈቃድ፣ ሊቀ መንበር፣ ማኅተም አያስፈልግም። ስለዚህ እዚህ ውስጥ ያላችሁ፣ ቀድማችሁ ያቆማችሁ ሰዎች፣ እንዳላችሁ አውቃለሁ፣ ሁለት ሆናችሁ አንድ ክፍል ተከራዩ። ቡና እኛ እንችላለን። አንድ ልመና ብቻ አለኝ፦ ማኅበር እንደምናደርገው የሥልጣን ጠብ አታስገቡበት። በኤ.ኤ. ኃላፊነት የሚዞረው ለዚህ ነው።

ጥያቄዎች ነበሩ። ሁለቱን እዚህ አስገባለሁ።

አንዲት እናት "ባለቤቴ አልሄድም አለ፣ እኔስ ምን ላድርግ?" አሉ። እናቴ፣ እርስዎ ይሂዱ። ለቤተሰብ አል-አኖን የሚባል አለ፣ እ.ኤ.አ. ከ1951 ጀምሮ ያለ ነው። ከመሥራቾቹ አንዷ የቢል ዊልሰን ሚስት ሎይስ ናት። የጠጪ ሚስት መሆን ምን እንደሆነ የምታውቅ ሴት ነበረች። ለታዳጊ ልጆችም አላቲን የሚባል አለ። እዚያ እሱን ስለማስቆም አያስተምሩዎትም። እርስዎ እንዴት እንደሚተኙ፣ ለአለቃው ደውሎ "አሞታል" ማለትን እንዴት እንደሚተዉ፣ ሲጠጣና ሳይጠጣ እንዴት እንደሚናገሩት ይማራሉ። ብዙ ጊዜ ቤት ውስጥ አንድ ሰው ሲለወጥ ሌላውም ይነቃነቃል። ዋስትና ግን የለውም፣ ያንን አልዋሽዎትም። ከመታዎት ወይም ካስፈራራዎት ደግሞ ነገሩ የስብሰባ ጉዳይ አይደለም። መጀመሪያ እርስዎና ልጆቹ ደህና ቦታ ይሁኑ።

ሌሎቻችሁ የማትጠጡትም ድርሻ አላችሁ። ሠርግ ላይ፣ ክርስትና ላይ "አንዷን ብቻ፣ በሞቴ!" ማለትን ተዉ። አልጠጣም ያለን ሰው ለምን አትበሉት። አምቦ ውሃ ስጡትና ወሬ ቀጥሉ።

አንድ ወጣት ደግሞ "ወንድሜ አዲስ አበባ ነው፣ ቀን በጫት ይውላል፣ ማታ ለጨብሲ፣ ምርቃናውን ለማብረድ፣ እያለ ይጠጣል" አለ። ይህ የሁለት ሱስ ጉዳይ ነው፣ ለሐኪሙ ሁለቱንም ይንገር። አዲስ አበባ በአማኑኤልና በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታሎች የሱስ ሕክምና አለ፣ ከዚያ ይጀምር። እንግሊዝኛ የሚሰማ ከሆነ በዙም የሚደረጉትን ስብሰባዎች ከስልኩ መግባት ይችላል። የዋሽንግተን የእኩለ ቀን ስብሰባ በአሜሪካ በጋ (ሰመር) አዲስ አበባ ላይ ምሽት 1 ሰዓት ነው፣ በአሜሪካ ክረምት (ዊንተር) 2 ሰዓት። እንዲያውም መጠጡ የሚጀመርበት ሰዓት ነው። አንተ ከዚህ፣ እሱ ከዚያ፣ ክፍት የሆነ ስብሰባ መርጣችሁ አብራችሁ ግቡ። ሊንኩን አብረን እንፈልገዋለን፣ ስንጨርስ እዚህ ጠብቀኝ።